ሳይዘጋ የተሰጠኝ ስልክ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነስተን አሶሳ ሰፈራ ስንገባ፣ ከሥራ መልስ ዛፍ ሥር ቁጭ እያልን ሀ ሁ አልን፤ ስሜን መጻፍ ቻልኩ፣ ቁጥርም ለየሁ፣ በዚያው ቀረ። በኋላ አገሩ ክልል ተብሎ ቢሮዎች ሲከፈቱ ጥበቃ ሆኜ ገባሁ። ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ደግሞ እዚያ ተቀጠርኩ። የፈተና ቀን የተማሪዎችን ስልክ ተቀብሎ ማስቀመጥ የእኔ ሥራ ነበር።

ጠረጴዛዬ ከፈተናው ክፍል ፊት ለፊት፣ ማንጎው ሥር ነው። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በላስቲክ ስልኩ ላይ አስራለሁ፤ ያንኑ ቁጥር ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ልጆቹ ይቀልዱብኛል።

«አባባ፣ ሚስቴ ከደወለች ፈተና ላይ ነው ይበሉልኝ» አለኝ አንዱ፣ አንድ የፈተና ቀን።

«አንተን ደግሞ ማን አገባህ?»

«እሱን ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ አስብበታለሁ።»

ፈተናው ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኅብረተሰብ የሚሉት ነበር። ማክበብ የለውም፤ ከራስ አውጥቶ መጻፍ ነው። ይፈሩታል።

ከሁሉም ኋላ፣ ከአሶሳ የግማሽ ቀን መንገድ ከምትርቀው ከቶንጎ የመጣች አንዲት ልጅ ደረሰች። ዝምተኛ ናት፤ ሁልጊዜም ስልኳን በሁለት እጇ ነው የምታቀብለኝ።

«አባባ፣ አልዘጋሁትም። አባቴ ታሟል። ወንድሜ ከደወለ ያስጠሩኝ፣ አደራ።»

«እሺ ልጄ፣ ግቢ» አልኳት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ። አነሳሁት። ወንድሟ ነው። አማርኛው እንደ ብዙ የአገሩ ሰው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ይጠራል።

«አባባ፣ እህቴ ንገረው። ቶሎ ይምጣ። አባታችን በጣም ታሟል። አራት ሰዓት መኪና ይነሳል።»

«በጣም ታሟል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ አላጣውም። ድምፁም ነግሮኛል። እሺ ብዬ ዘጋሁና ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በመስኮት አየኋት፤ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፣ እጇ ከወረቀቱ አይነሳም። እዚያው ቆምኩ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰውየው መጀመሪያ እህል ይቀምሳል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ቀስ ተብሎ ይረዳል። ደግሞም የራሴ ልጅ ነበረችኝ። የእናቷን ሞት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ ዋዜማ ነግረናት፣ ወረቀቱን ባዶውን መልሳ ወጣች። ትምህርቷ በዚያው ቀረ። ይህችኛዋን እንኳ ላትርፋት አልኩ። የሞተ እንደሆነ አይነሳም፤ መኪናም ነገ አለ አልኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስልኩ ሌላ ሁለት ጊዜ ጮኸ። አላነሳሁትም።

አምስት ሰዓት ላይ ወጣች። ደህና እንደጻፈች ፊቷ ይናገራል።

«ተደወለ እንዴ አባባ?»

«ቁርስ በልተሻል? ነይ ሻይ ላጠጣሽ።»

ስልኳን ተቀብላኝ ተመለከተችው። የተደወለበት ሰዓት ለካ እዚያው ተጽፎ ይቀመጣል፤ የተነሳውም፣ ያልተነሳውም።

«አንስተውት ነበር» አለች።

«አዎ ልጄ።»

«ምን አለዎት?»

«ታሟል አለ። በአራት ሰዓቱ መኪና እንድትመጪ…»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አባባ፣ እኛ እኮ ሬሳ አናሳድርም።»

አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር ቀብር ወጥቻለሁ፤ ጧት የሞተ ከሰዓት አፈር ይለብሳል። አውቀው ነበር። ያን ሰዓት ግን የመጣልኝ የተወለድኩበት አገር ወግ ብቻ ነው።

ጠረጴዛውን ለባልደረባዬ ትቼ፣ በባጃጅ መነኸሪያ አደረስኳት። መኪናው ሄዷል። ሌላው እስኪሞላ ስምንት ሰዓት ሆነ። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አላለቀሰችም፤ ቁጥሩን የጻፍኩባትን ቁራጭ ወረቀት ስታጣጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ማንጎው ሥር መጣች። መኪናው ያለ እሷ ሲገባ ወንድሟ ሰዉን ለምኖ አስር እስከሚባለው የከሰዓት በኋላ ሶላት አስጠብቆ ነበር አለችኝ። እሷ የደረሰችው ሲመሽ ነው። ፊቱን አላየችም።

ያን ቀን ምን እንደጻፈች ጠየቅኋት።

«ቴክኖሎጂ ለመንደራችሁ ምን አደረገ ነው የሚለው። ስለ አባቴ ጻፍኩ። እኛ ጋ ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ ወጥቶ ይደውልልኝ ነበር። ሲደውል መጀመሪያ አይናገርም፤ ድካሙ እስኪወጣለት ትንፋሹን እየሰማሁ እጠብቀዋለሁ። እሱን ጻፍኩ።»

«ይቅር በይኝ ልጄ» አልኳት።

«ለደግ ብለው ነው፣ አባባ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በትምህርቱ ጥሩ ውጤት እንዳመጣች ጓደኞቿ ነገሩኝ። በሚቀጥለው ፈተና እንደ ወትሮዋ ስልኳን በሁለት እጇ አቀበለችኝና ገባች። ቁጥሩን በላስቲክ ሳስርበት አየሁት። ዘግታዋለች።