አፉ ወደ ሰልሃ

በከርከና ደሴቶች ባሕርም እንደ እርሻ ማሳ አለው፤ ይወረሳል፣ ይከራያል። የሰልሃ ባል ማህጁብ ከአባቱ በወረሰው የባሕር ማሳ፣ ሙቀቱ ሲበርድ የዘንባባ ዝንጣፊ እየተከለ የዓሣ አጥር ይሠራ ነበር። ብርዱን ሁሉ ያጠምድበታል፤ ሙቀቱ ሲመለስ ይነቅለዋል። ዘንድሮ በጸደይ ሞተ፤ አጥሩን ጎረቤት ነቀለለት።

ሰልሃ ዕድሜዋን ሁሉ የጎነጎነችው በአጥሩ ውስጥ የሚቀመጠውን የማጥመጃ ቅርጫት ነው፤ አጥር ተክላ አታውቅም። ካልተከለች ግን ማሳውን ማከራየት ሊኖርባት ነው።

"ሌላ ሰው ሲተክልበት ከደጄ ቆሜ አላይም" አለች።

የእህቷ ልጅ ሙንጂ ስፋቅስ ከተማ የብረት በር ይበይዳል። ደሴቱ የሚመጣው በሙቀቱ ነበር፤ ሊዋኝ፣ ሐብሐብ ሊበላ፤ ያኔ አጥሩ ተነቅሎ ባሕሩ ራቁቱን ነው። ዘንድሮ ግን አክስቱ ስትጠራው በመጸው መጣ። ሁለቱም እስከ ወገባቸው ውሃ ገብተው ሲተክሉ ዋሉ።

የማህጁብ ጓደኛ ኽሚስ በጀልባው ሲያልፍ መቅዘፉን አቆመ።

"አንቺ ሰልሃ! የአጥሩ አፍ ወዴት ነው የሚያየው?"

"ወደ ባሕሩ ነዋ! ዓሣው ታዲያ ከየት ይምጣልህ፣ ከመስጊድ?"

ኽሚስ እስኪያስለው ሳቀ። "እንኳን ደህና መጣህ ልትይው ነው? ዓሣ ሲመጣ አይያዝም። ባሕሩ ሲሞላ ወደ ዳር ይገባል፣ በልቶ ይጠግባል፤ ሲጎድል ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው የሚያዘው። አፉ ወደ መሬት ይዙር!"

"አክስቴ፣ እኔ በር መስሎኝ ወደ እንግዳው አዞርኩት" አለ ሙንጂ አፍሮ።

የሰልሃ ሐሳብ ግን "ወደ መሬት" ከሚለው ላይ ቀረ። ማህጁብ በየዓመቱ የመጀመሪያዋን ዝንጣፊ ሲተክል፣ "አፉ ወደ ሰልሃ!" ብሎ ይጮህ ነበር። እሷም ባሕሩ ዳር ካለው ደጇ ላይ ቆማ፣ አፍራ በሻሿ ፊቷን ትሸፍን ነበር።

"እኔ እኮ ሲያሞጋግሰኝ መስሎኝ!" አለች። "ለካስ አቅጣጫ ኖሯል!"

"ሁለቱም ነበር" አላት ኽሚስ፣ ቀስ ብሎ።

ከጸደይ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ዕንባዋም አብሮ መጣ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ፣ "በርህን ንቀል፣ አንተ በያጅ!" አለችው።

ነቅለው እስኪተክሉ ሙንጂን ወደ ስፋቅስ የሚመልሰው መርከብ ሄደ።

"አየህ፣ ስትመለስ ተያዝክ" አለችው።

በማግስቱ ባሕሩ ሲጎድል ሙንጂ ቅርጫቱን ጎትቶ አወጣ፤ ከብዶታል። ሰልሃ ከአጥሩ አፍ ላይ ቆማ ቀና አለች። የቤቷ ደጃፍ ፊት ለፊቷ ነበር።