መልሼ ያነበብኩት ቃል

የሕግ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ደብረ ማርቆስ ባለ የሰብዓዊ መብት ድርጅት ውስጥ ለተግባር ልምምድ ገባሁ። ሥራችን በጣሊያን ወረራ ዘመን ግፍ የደረሰባቸውን ሰዎች ቃል፣ በሕይወት ሳሉ መሰብሰብ ነበር። አንድ ደንብ አለን፤ የጻፍነውን ቃል ከቤተሰብ አንድ ሰው ባለበት ጮክ ብለን አንብበን እናስፈርማለን። እኔ ደግሞ ለደንብ ሟች ነበርኩ።

ከይጁቤ ከተማ ወጣ ብሎ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ቤተሰቡን ሁሉ አስወጥተው ነው የነገሩኝ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ታመው ቤታቸው እንደተኙ፣ ጎህ ሲቀድ ጣሊያኖች መጥተው ደጃፋቸው ላይ ረሸኗቸው። ሽማግሌው ያኔ ልጅ ናቸው፤ ከጎተራው ኋላ ተደብቀው፣ ጣሊያኖቹን መንገድ እየመራ ያመጣቸውን የአገር ሰው አዩት። ስሙን ነገሩኝ።

«ለነፍስ አባቴ እንጂ ለልጄ እንኳ ነግሬ አላውቅም» አሉ። ይህንንም ጻፍኩት እንጂ አልሰማሁትም።

«ደንብ ነው አባባ» ብዬ ልጃቸውን ለምስክርነት ጠራሁት። አርባውን ያለፈ፣ ጠመንጃው ከትከሻው የማይወርድ ገበሬ ነው። ኮራ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስሙ ጋ ስደርስ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን ከአፌ ወጥቶ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ልጁ አልተቆጣም። «እስቲ ያችን ስም ድገሚልኝ፣ እቴ» አለ።

በመድገም ፈንታ እስክሪብቶውን አቀበልኩት። «ግዴለም፣ ሰምቻታለሁ» ብሎ ፈረመ።

«ሰውየው እኮ ከሞተ ቆየ፣ ልጄ» አሉ አባቱ።

«ዘሩ አለ።»

እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ደም ከልጅ ልጅም እንደሚፈለግ አላጣሁትም። ፈራሁ።

ልጁ ቦርሳዬን ይዞ በጭጋጉ ውስጥ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘኝ። ከጅረቱ ማዶ አንዲት ቆርቆሮ ቤት አጠገብ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ቤት ይቺ ናት። ስዳር ሚዜዬ ነበር» አለኝ።

ወዲያው የቤቱ ባለቤት እጁን እየጠረገ ወጣ። ፊቱ በሳቅ ተሞልቷል። «ሚዜዬ፣ እንግዳ ይዘህ በደጄ ታልፋለህ? ግቡ እንጂ» አለ።

«ልጅቷን ላሳፍርና እመለሳለሁ» አለው።

ሚኒባሱ ቆሞ ነበር። አንድም ፊርማ ያልጎደለውን ወረቀቴን በጉያዬ ይዤ ተሳፈርኩ።