የአዋሽ ድልድይና የእናቴ ስለት

ንጋት፣ አውቶቡስ ተራ

መርካቶ ጭድ ተራ ካለው ቤታችን ስወጣ ገና ጎህ አልቀደደም። እህል በረንዳ በኩል ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ያልፋሉ። አማተብኩና አዋሽ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ተመስገን፣ መስኮት ጋ ቦታ አገኘሁ።

የምሄደው አዋሽ ወንዝ ላይ ያለውን የድሮ የባቡር ድልድይ ለማየት ነው። ያ ባቡር ከቆመ ቆይቷል፤ አዲሱ በሌላ መስመር ይሄዳል። እኔን ግን የሚያገባኝ ነገር አለ።

እናቴ በወጣትነቷ ከድሬዳዋ በባቡር ጨርቅ እያመጣች መርካቶ ትሸጥ ነበር። ልጅ አልነበራትም። ከድልድዩ ማዶ ላለችው ማርያም ተሳለችና እኔን ወለደች። ባቡሩ እዚያ አይቆምም፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ግን ቀስ ይላል። መንገደኛው ስለቱን በመስኮት ለድልድዩ ዘበኛ ያቀብላል፣ ዘበኛው ለቤተ ክርስቲያኑ ያደርሳል፤ ልማዱ ይህ ነበር። እናቴም እኔን ታቅፋ አንድ ጃንጥላ አቀበለች። መድረሱን ግን አላየችም። ብዙም ሳይቆይ ንግዱን ተወች። ልጠይቅ ብትልም ሰውየውን መጠርጠር መሰላትና ዝም አለች።

አሁን አልጋ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት እጄን ይዛ፣ «ስለቴ መድረሱን ሳላውቅ አልሙት» አለችኝ።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ሞጆን፣ አዳማን፣ ወለንጪቲን አለፍን። ወደ መተሐራ ስንቀርብ መሬቱ ከእሳት የወጣ ይመስል ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በመስኮት ሸንኮራ ገዝቶ ቆርሶ ዘረጋልኝ። ረቡዕ ነው፣ ጾሙን ገና ስላልፈታሁ አመስግኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቀትር፣ አዋሽ

ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ባጃጅ ያዝኩ።

«ማዘር፣ የት ላድርስዎት?»

«የድሮው የባቡር ድልድይ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ከየት ነው የመጡት?»

«ከመርካቶ።»

«እኮ! ምናለሽ ተራ ነዋ! ሐዲዱ አልበቃ ብሏችሁ ድልድዩን ልትጭኑት ነው?»

ሳቅኩ። እሱ ግን ግማሹን ከልቡ ነው የተናገረው። ለካ እዚህ አገር ከመርካቶ የመጣ እንግዳ ሁሉ አሮጌ ብረት ገዢ ነው።

ድልድዩ ከገደል ገደል ተዘርግቷል። ብረቱ ዝጓል፤ ከሥር የተረበረቡት እንጨቶች እዚህም እዚያም ወልቀዋል። ታች አዋሽ ደፍርሶ ይሄዳል። «ፈረንሳዮች ሠሩት፣ በጣልያን ጦርነት ፈረሰ፣ ደግሞ ተሠራ ይላሉ። እኔ ስደርስ ፍየል ብቻ ነው የሚያልፍበት» አለኝ ሾፌሩ። ዘበኛውን ብጠይቀው እሳቸው እንደሞቱ፣ ሚስታቸው ግን በሕይወት እንዳሉ ነገረኝ። ቤታቸው እዚያው አጠገብ ነው። አንኳኳሁና ከመርካቶ መምጣቴን ተናገርኩ።

«ብረት የለም!» አሉ ከውስጥ።

«እማማ፣ ብረት አልፈልግም። የመጣሁት ለጃንጥላ ነው።»

«ጃንጥላ? መርካቶ ጃንጥላ ጠፋ?»

በሩ ሥር ቆሜ ነገሩን ሁሉ ተናገርኩ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። እማማ ዘሃራ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው ንቁ። ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ፣ «ቀይ ከፈይ ነው፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው» አሉ።

ቀለሙን አልነገርኳቸውም ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ባሌ ዑስማን፣ አላህ ይዘንለት፣ ሻማና ጧፍ ሁልጊዜ ይቀበላል። እስላም ነው ብሎ የነፈገው ሰው የለም። ጃንጥላ የሰጠችው ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ልጅ ታቅፋለች አለኝ። ያን ቀን ዝናቡ አይጣል ነው። ነገ ታደርሰዋለህ ስለው፣ አደራ ቤቴ አያድርም አለ። እንግዲያው ዘርጋውና ሂድ አልኩት። የኔ መች ሆነና እዘረጋዋለሁ ብሎ ኮቱን አወለቀና ጠቀለለበት። አንቺ፣ በዝናብ ጃንጥላ ይዞ የሚበሰብስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳቁ። ወዲያው ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ደረሰ ታዲያ?» አልኩ።

«ወላሂ፣ እዚህ ቆሜ በዓይኔ ነው ያየሁት። እንጨት እንጨቱን እየረገጠ ተሻገረ። ማዶ ቄሱ ወጥተው ተቀበሉት። ጃንጥላውን እዚያው ዘረጉትና ሁለቱም ከሥሩ ገብተው ዳገቱን ወጡ።»

መሻገር አልቻልኩም። ከወዲህ ማዶ ሆኜ ወደ ማርያም ሰገድኩ። እማማ ዘሃራ እስክጨርስ ጫማዬን ይዘውልኝ ቆሙ። ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ፤ ግንባሬን ስመው ሸኙኝ።

ማታ፣ ጭድ ተራ

እናቴ ትራስ ተደግፋ ትጠብቀኛለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኳት። «ተመስገን» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቆየ። የተኛች መስሎኝ ልነሳ ስል ጠራችኝ።

«ማዶ እስኪደርስ ግን በስብሷል።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታመመ እንዴ?»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ! ይሄ አይጠየቅም? ደውይ!»

ደወልኩ። እማማ ዘሃራ «ሀሎ» ሲሉ እናቴ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ተቀበለችኝ።

«እኔ ነኝ» አለች። «የጃንጥላዋ ሴት።»