በቀይ የተሰመረበት መስመር

ልጄ ከባሏ ቤት የተመለሰችው ክረምቱ ሲወጣ፣ የገብሱ ዛላ ገና ሳይሞላ ነው። ያመጧት የባሏ ዘመዶች ናቸው። ዘመሮ አጠገብ ካለው ቤቷ እስከ እኛ ድረስ፣ መንገዱን ሙሉ ከአጠገቧ ከሌለ ሰው ጋር ስትነጋገር እንደመጣች ነገሩኝ። የባሏ አባት ከበቅሎ ሳይወርዱ «ስትድን እንወስዳታለን» ብለው ተመለሱ።

እኔ ለልጆቼ የምራራ አባት አልነበርሁም። በአርጩሜ ነው ያሳደግኋቸው። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ሐሳብ አይጥለውም እያልሁ እመክር ነበር፤ ዛሬም ሥራ መድኃኒት ነው እላለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ የልጄ ነገር መጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ። ሁለት ቀን ተቆጣኋት። በሦስተኛው ቀን ወፍጮው ላይ እንደተደፋች መጁን አቁማ «እሺ፣ እሺ፣ ሰማሁ» ስትል አየሁ። ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ በቁጣዬ አፈርሁ፤ በማግስቱ ከገደሉ ሥር ወዳለው ጠበል ይዣት ወረድሁ።

መጻፍ የጀመርሁት እዚያ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አላየሁም። ፊደሉን ከአንድ ካህን ጥቂት ወር ተማርሁ፤ የቀረውን ዳዊት ላይ ጣቴን እያስኬድሁ ራሴ አወጣሁት። በጠበሉ ልጄን ጨምሮ ዘጠኝ አእምሯቸው የታመመ ሰዎች ነበሩ። ጠበሉ አንድ፣ ጸሎቱ አንድ፣ ሰዎቹ ግን እያደር የየራሳቸው ሆኑብኝ። ከዛፍ የታሰረው ጎልማሳ ጧት ጧት ይጮሃል፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድንጋይ የተሸከመ ዕለት ግን አይጮህም። አንዲት ሴት እንቅልፍ ባጣች ማግስት ይብስባታል። ይህ ለምን ሆነ? የሚመልስልኝ ሳጣ ያየሁትን በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ በየቀኑ ማስፈር ያዝሁ። አጥማቂው ቄስ አይተውኝ፣

«የእግዚአብሔርን ሥራ ትቈጥራለህ?» አሉኝ።

«የእሱንስ አይደለም አባ፤ የእኛን ነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉኝ።

ሱባዔው አልቆ ወደ ቤት በተመለስን ሰሞን፣ ጨው ልገዛ መሐል ሜዳ ወጣሁ። ዘመኑ የጣልያን ነው። ከገበያው በላይ ምሽግ ሠርቶ ወጪ ገቢውን ይፈትሻል። ወታደሩ ከኮሮጆዬ ደብተሩን ሲመዝ ፊቱ ተለወጠ። በዚያን ጊዜ የተጻፈ ነገር ይዞ የተገኘ ሰው የአርበኞች መልእክተኛ ነው። እየገፈተሩ አስገቡኝና ከመረብ ማዶ ከመጣ አስተርጓሚ ፊት አቆሙኝ። አስተርጓሚው ደብተሩን ገልጦ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

«"ከዛፉ ሥር ያለው ዛሬ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ከቀትር በኋላ ዝም አለ።" ይሄ ማን ነው? መትረየስ ነው?»

«እብድ ነው» አልሁት።

«"የማዶዋ አልተኛችም።" እሷስ?»

«እሷም እብድ ናት፣ ጌታው።»

«"የእኔዋ ዛሬ እህል ቀመሰች"?»

«ልጄ ናት።»

ሲስቅ የነበረው አስተርጓሚ ደብተሩን ከደነ። ሳቁን ሰምቶ የመጣው የምሽጉ ሐኪም ነገሩን አስተረጐመና አጠገቤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ማን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚተኛ፣ ቀኑን የሚያውቁ እንደሆነ ብዙ ጠየቀኝ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ በአገሩ የአእምሮን ሕመም የሚመረምሩ ሐኪሞች በየጊዜው የሚያሳትሙት መጽሔት አለ። ያየሁትን አሳምሬ ብጽፍ እሱ ወደ ቋንቋቸው አስመልሶ ይልከዋል። እዚያ ሌሎች ሐኪሞች ያነቡታል፤ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፤ መልሱ ከጥያቄው አጠገብ ይታተማል። ሕጉንም ነገረኝ። በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ እንድጽፍ፣ ዳር ዳሩን ባዶ እንድተው፣ ያየሁትን ከሰማሁት እንድለይ፣ የሕመምተኞቹን ስም እንዳላስገባ አዘዘኝ።

«ክርስትና ስማቸው ካልተጻፈ አንባቢው እንዴት ይጸልይላቸዋል?» አልሁ።

አስተርጓሚው ለሐኪሙ ሳያደርስ ራሱ መለሰልኝ። «አንባቢዎቹ አይጸልዩም አባት። ያነባሉ።»

ሐኪሙ ወረቀት ሰጥቶ ሸኘኝ። ጠላት መሆኑን አልዘነጋሁም። ጎረቤቴ ወሬውን ሲሰማ «ጤነኞቹን ጨርሶ ነው አሁን ወደ እብዶቻችን የዞረው?» ብሎ አላገጠብኝ። የያዘኝ ማወቅ መፈለግ ነው፤ ትንሽም ትዕቢት አለበት። ከመንዝ ገደል ሥር የተነሣ ጥያቄ ባሕር ተሻግሮ የተማሩ ሰዎች እንዲመልሱት ተመኘሁ።

ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቄ፣ ገብስ አሳርሬ ወቅጬ፣ አዋሕጄ ቀለም በጠበጥሁ። መቃ ቀርጬ ብርዕ አወጣሁ። ጽሑፍ ማለት ለእኔ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰማሁት ተአምር ነው፤ ሌላ መልክ አላውቅለትም። በተአምር ውስጥ ደግሞ የታመመ ሁሉ መጨረሻው ላይ ይድናል። ያልዳነ ሰው ታሪክ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ዘጠኙንም አዳንኋቸው። ጎልማሳው እየጮኸ ነበር በዘመዶቹ ተይዞ የሄደው፤ እኔ «ደስ እያለው ወደ ቤቱ ተመለሰ» ብዬ ጻፍሁ። ስለ ልጄም «ያች ወጣት ፈጽማ ዳነች፤ ድምፁም ከእርሷ ራቀ» አልሁ። ስጽፈው የዋሸሁ አልመሰለኝም። ነገርን በወጉ መጨረስ መሰለኝ። ልጆቹን ዋሻችሁ ብሎ የሚገርፍ አባት እንዲህ ብሎ እንደጻፈ ዛሬ ሳስበው ይከብደኛል።

ጽሑፉን ለአስተርጓሚው አስረክቤ ጥቂት ሳምንታት ቆየሁ። ከዚያ በገበያተኛ እጅ ተመልሶ መጣልኝ፤ «ሲመችህ ብቅ በል» የሚል ቃልም ነበረው። ስገልጠው ከየገጹ መስመር መስመሩ በቀይ ቀለም ተሰምሮበታል። በእኛ አገር ጸሐፊ ቀይ ቀለም የሚያነሣው ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። ከቃሌ ይህን ያህሉ ለቀይ የበቃ መሆኑን ሳይ ወረቀቱን ተሳለምሁት። ከሁሉ ይልቅ የደመቀው፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፣ «ፈጽማ ዳነች» የሚለው ነበር።

እሑድ በሰንበቴው ላይ አነበብሁት። ቀዩንም ዞሬ አሳየሁ። «የባዕድ ሐኪም እንኳ አከበረው» ብዬ ተናገርሁ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። ልጄ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ መሬት መሬት ታይ ነበር። ከደስታ ያቀረቀረች መሰለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የባሏ አባት ሁለት ሽማግሎች አስከትለው መጡ።

«ቀይ የተሰመረበትን ሰማን» አሉ። «ልጄ ያለ ሚስት ከረመ። አጨዳው ደርሷል። ከዳነች እንውሰዳት።»

«የፊታችን እሑድ ኑ፤ ስንቋን አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ» አልኋቸው።

ሐሙስ ዕለት፣ እንቁላል በጭድ ሸፍኜ፣ ሐኪሙን ላመሰግን ወደ ምሽጉ ሄድሁ። ስለ ቀዩ ክብር ምስጋናዬን ስደረድር አስተርጓሚው አፉን በእጁ ያዘ። ሊናገር ይጀምራል፤ ሳቁ ያቋርጠዋል።

«አባቴ፣ ቀይ እኮ በእነሱ ዘንድ ስሕተት ነው። እኔ ሳነብለት የሚያሰምረው ይሄ አልታመነም፣ በምን አወቅህ ሲል ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን ቦታ በጣቱ ያዘ። በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ ተባባልን።

«ድምፁ መራቁን በምን አወቅህ?»

«ለብቻዋ መናገር ትታለች።»

«እሷን ጠይቀሃል?»

«አባቷ ነኝ።»

አስተርጓሚው አዳምጦ ወደ እኔ ዞረ። «እሱን አልጠየቅሁም ይላል።»

እስከ ቤቴ ድረስ ያን ቃል ሳመነዥግ ሄድሁ። የስምንት ባዕድ ሰዎችን እንቅልፍና እህል ስቈጥር ከርሜ ከገዛ ልጄ አፍ አንዲት ቃል አልወሰድሁም። በቤታችን አባት ይጠይቃል ማለት ይመረምራል፣ ይቀጣል ማለት ነው። በሌላ መንገድ መጠየቅ አልለመድሁም።

ልጄ በረንዳ ላይ በሰፌድ ገብስ ታበጥር ነበር። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ደንግጣ ልትነሣ ስትል በእጄ መለስኋት።

«ያ ድምፅ፣» አልኋት፣ «ሄዷል?»

ሰፌዱን አቆመች። «ይቆጣሉ?»

«አልቆጣም።»

«አልሄደም።» ከዚያ ቶሎ ብላ «ቀንሷል እንጂ» አለች። «ድሮ እንደ ጎረቤት ግድግዳ አጠገብ ነበር። አሁን ከወንዝ ማዶ እንደሚጠራ ሰው ነው። ጮክ ብዬ የማልመልስለት እናንተ እንዳትሰሙ ብዬ ነው።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ብቻዬን ስፈጭ። እንቅልፍ ሳጣ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲያወራኝ ይሸሻል። ሲጮሁብኝ ደግሞ ይብሳል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሲጽፉ፣ አንድ ቀን እንኳ ምነው አልጠየቁኝም አባባ?»

ከሰፌዱ እፍኝ ገብስ ዘግኜ መልሼ ጨመርሁት። ከዚያ ወደ ባሏ መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እፈልጋለሁ። እሱ ደግ ነው። ግን ድናለች ተብዬ ሄጄ አንድ ቀን ቢያመኝ አታለሉን ብለው ያስሩኛል። አልዳነችም ካሏቸው ደግሞ አይወስዱኝም።»

«እንግዲያ ምን ልበላቸው?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ውሸት ያሳፍራል የሚሉን?» አለችና ማበጠሯን ቀጠለች።

ዓርብና ቅዳሜ ጽሑፉን እንደገና ጻፍሁት። ከዘጠኙ እየጮኸ የሄደውን እየጮኸ ሄደ፣ መጨረሻውን የማላውቀውን አላውቅም አልሁ። ስለ ልጄ ያለችኝን ቃል በቃል አሰፈርሁ፤ ያመነታሁበትን ስፍራ ወደ እሷ እየወሰድሁ ሳነብላት «እንደዚያ አላልሁም» እያለች ታቃናኝ ነበር።

እሑድ የባሏ አባት ሽማግሎቹን ይዘው መጡ። አዲሱን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። እኔ የምወደው የጽሑፍ ለዛ አልነበረበትም። ሲያልቅ የባሏ አባት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«በቀይ የከበረውን እርስዎ ራስዎ ሻሩት?»

«ቀዩ ክብር አልነበረም። ስሕተቱ የእኔ ነው» አልሁ። «ልጄ ተሽሏታል፤ አልዳነችም። የሚያስታምማት ካለ ትሄዳለች። ጤነኛ ናት ብዬ ግን አልሰጥም።»

«እኔ ቤት አዝመራ እንጂ አስታማሚ የለም» አሉና ተነሡ። ሽማግሎቹ ተከተሏቸው።

ልጄ ያን ቀንና በማግስቱ አላናገረችኝም። እውነቱን የተናገርሁ እኔ ነኝ፣ የከሰረች ግን እሷ ናት። እውነት ለተናጋሪው ትቀልላለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ለእኔ አልቀለለችኝም።

ጽሑፉን በሳምንቱ ለሐኪሙ አስረከብሁ። አሁንም ሁለት ቦታ ላይ ቀይ አሰመረ። እዚያው ቆሜ በቃሌ መለስሁለትና ዳር ላይ ጻፈው። እልከዋለሁ አለኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ምሽግ ተዛወረ። ኋላም ጣልያን ከአገር ወጣ። ታትሞ እንደሆነ፣ አንብበውት ምን እንደጠየቁ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎልማሳው ድንጋይ በተሸከመ ዕለት ለምን እንደማይጮህም የነገረኝ የለም።

ውቂያው አልቆ ገብሱ ጎተራ በገባ ሰሞን የልጄ ባል ብቻውን መጣ። አባቱ መምጣቱን እንደማያውቁ ከአረማመዱ ገባኝ። ደጃፉ ላይ ቆሞ እጅ ነሣና አልገባም አለ።

«አባቴ፣» አለኝ፣ «የጻፉት ወረቀት ሲያማት ምን አድርጉ ይላል?»

ሐኪሙ ከወሰደው ያስቀረሁትን ግልባጭ ላመጣ ወደ ውስጥ ዞርሁ። ልጄ ከጓዳ ወጥታ መንገዴ ላይ ቆመች።

«ይቀመጡ አባባ። እኔ እነግረዋለሁ።»

ደጃፉ ላይ ወጥታ ነገረችው። መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያርቀው፣ እንዳያስራት፣ እንዳይጮህባት፣ ዝም ስትል መጀመሪያ እንዲጠይቃት ነገረችው። እሱም አልፎ አልፎ ይጠይቃል፤ እሷ ትመልሳለች። እኔ ከውስጥ ሆኜ አዳመጥሁ። ከወረቀቱ ላይ የሌለ ብዙ ነገር ነበረበት። ብርዕ ላነሣ ቃጣኝና ተውሁት።

ሁለት ሌሊት ከእኛ ዘንድ አደረ፤ በሦስተኛው ቀን አብራው ሄደች።