ከቱቦው የወጣው ቀይ አቧራ

ባለፈው ሳምንት፣ አዳማ ልጄ ቤት፣ ኤሲ የሚያጸዳ ባለሙያ መጣ። የጣሪያውን የአየር ቱቦ ክዳን ፈትቶ ማጣሪያውን ሲያራግፈው አቧራው ቡን አለ። ልጄ "እማዬ፣ ሳል እንዳይይዝሽ፣ ውጭ ተቀመጪ" አለችኝ። በረንዳ ላይ ሆኜ ያለቀስኩት ግን በአቧራው አልነበረም።

ያኔ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ከጎጃም ሲመደብ እኔንም አስከትሎኝ ሄደ፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። የተሰጠን ቤት ቀድሞ የውጭ አገር መሐንዲሶች የኖሩበት ስለነበር በኮርኒሱ ውስጥ የአየር ቱቦ ተዘርግቶለታል። የዚያን አገር ሙቀት ያላየ ሰው ይህ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ አይገባውም። ጋሼ ደግሞ አስም ነበረበት። በበጋ መኪና ባለፈ ቁጥር የመንገዱ ቀይ ገረጋንቲ አቧራ ይነሳል፤ መስኮት ከፍቶ መተኛት ለእሱ አይታሰብም።

ቱቦውን በየወሩ የሚያጸዳልን ኡጁሉ የሚባል የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን ነበር፤ የዚያው የጋምቤላ ልጅ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። እንጨት ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ ቱቦውን ይወለውላል፣ ማጣሪያውን በሳሙና አጥቦ ጥላ ላይ ያሰጣዋል። እስኪደርቅ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን እናወራለን። አማርኛው ጥሩ ነው፤ "አንተ" እና "አንቺ" ብቻ ይምታታበታል።

"ደህና ነህ፣ አስቴር?" ይለኛል።

"ወንድ አደረግኸኝ እኮ" ስለው ይስቃል። ሲሄድም "ደህና ሁን" ብሎኝ ነው። አላርመውም ነበር፤ እንደዚያ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበርና።

ወደድኩት፤ አንድ ወር መጠበቅ አቃተኝ። ጋሼ ለሥራ መቲ ከተማ ሄዶ፣ እሑድ ነው የሚመለሰው ብዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወንበር ላይ ወጣሁና ከመንገድ ዳር ያፈስኩትን አቧራ በጋሼ ክፍል ባለው የቱቦ አፍ በተንኩት። ቱቦው አቧራ እየተፋ ነው ብዬ ኡጁሉን ላስጠራው። እንዲህ ያልኩ ጅል ነበርኩ። ወዲያው ሄጄ ብጠራው እንኳ ደግ ነበር፤ እኔ ግን ጸጉሬን አበጥሬ፣ ለምሳው የባሮ ዓሣ ልጠብስለት ማድ ቤት ገባሁ።

እኔ ማድ ቤት ሳለሁ ጋሼ ያንኑ ቀን ተመለሰ። መንገድ አድክሞት የአየር ማቀዝቀዣውን ማሽን ከፍቶ ጋደም ብሏል። ሳሉን ሰምቼ ስሮጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

የጋሼ አለቃ ኡጁሉን ይዘውት መጡ። ክዳኑን ፈትቶ እጁን አስገባና ከነጠጠሩ ቀይ ገረጋንቲ ዘግኖ አወጣ። በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። ከቱቦው ሥር የተውኩትን ወንበር አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ንፋስ ጠጠር ጣሪያ ላይ እንደማያወጣ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉት አለቃው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ባለፈው በደንብ አላጸዳሁም።"

ጋሼን ፈራሁ፣ አለቃውን ፈራሁ፣ የሰው አፍ ፈራሁ።

ኡጁሉን ከነመጥፎ ስሙ ወደ ኢታንግ ወረዳ አዛወሩት፤ የታመመች እናቱን ጋምቤላ ከተማ ትቶ ሄደ። ሊሰናበት ሲመጣ "እውነቱን ለጋሼ እነግረዋለሁ" አልኩት።

"አያስፈልግም" አለኝ። "ሥራ ሌላ ቦታም አለ። ወንድም ግን የለም።"

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "ደህና ሁኚ፣ አስቴር" አለ። ያን ቀን አልተምታታበትም። ለካ ልዩነቱን ያውቀው ነበር።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። እስኪሞት ድረስ "ያ ሰነፍ ቴክኒሻን ሊገድለኝ ነበር" እያለ ያወራል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንድም ቀን "ሰነፍ አልነበረም" አላልኩም።

የአዳማው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ "እማማ፣ ደህና ይሁኑ" ብሎኝ ሄደ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አክብሮኝ ነው። እኔን "ደህና ሁን" የሚለኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ስሙን አስጠፍቼ ሸኘሁት።