የአባቴ ጾምና የዛገው ቡሎን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን ቤት የተከራየሁት ለሽንት ቤቱ ስል ነው። ሰው ቤት የሚመርጠው ለግቢው ወይ ለጎረቤቱ ነው፤ እኔ ግን ሳሎኑን በቅጡ ሳላይ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት መኖሩን ብቻ አይቼ "ወስጄዋለሁ" አልኩ። ከማንኩሳ ወዲያ ካለው የገጠር ቤታቸው ያመጣኋቸው አባቴ ዳሌያቸው ተሰብሮ ብረት ገብቶላቸዋል። ቁጢጥ ማለት አይችሉም፤ የሚሄዱትም በሁለት ክራንች ነው። በዚያ ላይ ለሕመሙ በላይ በላዩ የዋጡት ማስታገሻ ኩላሊታቸውን ጎድቶታል። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ወደ እኔ ዞሮ፣ "ውሃ በብዛት ይጠጡ። ካልጠጡ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል" አለኝ። አደራውን የተቀበልኩት እኔ ሴት ልጃቸው ነኝ።

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ የሽንት ቤቱ የውሃ ገንዳ ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ነበር፤ ናቅኩት። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነና፣ አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ለሳምንት ያጠራቀምነው የሮቶ ውሃ ሙልጭ ብሎ አልቋል። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ያለቀው ቶሎ አይተካም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ገንዳውን ከመቀመጫው ጋር ያያያዘው ቡሎን ዝጓል፤ ጎማው ተበልቷል። ጎማውን ለመቀየር ቡሎኑ መፈታት አለበት። ቡሎኑ ደግሞ ንቅንቅ አልልም አለ። በቁልፍ ታገልኩት፣ በፒንሳ ታገልኩት፣ ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት። በመዶሻ እንዳልመታው ገንዳው ሸክላ ነው፤ ከተሰነጠቀ አለቀልን። የቧንቧ ሠራተኛው ቡሬ ሥራ ይዞ ነበር። በደወልኩ ቁጥር "ነገ ጠዋት" ይለኛል። የእሱ ነገ መቼ እንደሆነ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ምን ላድርግ? ወደ ገንዳው የሚገባውን ውሃ ዘጋሁና ከጎረቤት ጉድጓድ በጀሪካን እየቀዳሁ በባልዲ መድፋት ጀመርን። "ጀመርን" ማለቴ ለወጉ ነው። አባቴ ክራንቻቸውን ጥለው ባልዲ ማንሳት አይችሉም፤ የምደፋው እኔ ነኝ። "ሲጨርሱ ይጥሩኝ፣ ምንም አይደል" አልኳቸው። መሬት መሬት እያዩ "እሺ" አሉ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም ሲሉኝ፣ "ታመው የለም እንዴ አባዬ?" አልኩና ተውኳቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ከምግቡ ሁለት ጉርሻ፣ ከውሃው ከንፈር ማርጠቢያ ብቻ ሆነ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ መበርታታቸው ደነቀኝ። እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለጎረቤቶቼ በጾማቸው ተመጻደቅኩ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ እያየሁ ጾም ነው አልኩ። እኛ አገር ልጅ አባቱን ስለ ጾም አይከራከርም፤ ያደግነው እንደዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ የነፍስ አባታቸው ከገጠር ሊጠይቋቸው መጡ። ስሸኛቸው በር ላይ፣ "አባ፣ እባክዎ ጾሙን ያቅልሉላቸው። ውሃ እንኳ አልጠጣ አሉኝ" አልኳቸው።

ቄሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። "የምን ጾም ልጄ? እኔማ ገና ሆስፒታል ሳሉ ጾሙን አንስቼላቸው የለም ወይ? ውሃና መድኃኒት እንዳይተዉ በግዝት ነው ያዘዝኋቸው!"

በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። አባቴ ውሃ የተዉት ለእግዚአብሔር ብለው አልነበረም። እኔን ላለመጥራት ነበር። ልጃቸው ባልዲ ይዛ ከኋላቸው እንዳትገባ ብለው በጥም እየሞቱ ነበር፤ እኔም ብርታት ብዬ አወራሁት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በሕይወቴ ብረት ቆርጬ አላውቅም፤ የዚያኑ ዕለት ግን ብረት መቁረጫ ሰጌቶና አዲስ ቡሎን ከነጎማው ገዝቼ ሽንት ቤቱ ወለል ላይ ተጋደምኩ። ሰጌቶው ከነእጀታው አልገባ ስላለ ምላጩን ብቻ በጨርቅ ጠቅልዬ እገዘግዝ ጀመር። ጨርቁ ተቀደደ፣ ጣቴ ደማ። ቡሎኑ ላይ የወጣው ጭረት ብቻ ነው። ገንዳውን ከሰበርኩት አባቴን ገደልኳቸው ማለት ነው እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቀና ስል በክራንቻቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ዕድሜ ልካቸውን ማረሻ ያበጁ ሰው ናቸውና የብረት ጠባይ ያውቃሉ። "አትቸኩዪ። ብረቱ ግሏል፤ ውሃ ጠብ አድርጊበት" አሉኝ።

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። "ብረቱስ ይጠጣ፣ እርስዎስ? ቄሱ ነግረውኛል! ምነው አባዬ፣ ቤቴ ውስጥ በውሃ ጥም ሊሞቱብኝ ነው?" ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር።

ክራንቻቸውን አስተካክለው ተደገፉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ልጅ አባቷን ትጦራለች። እህል ታቀርባለች፣ እግር ታጥባለች፤ ወግ ነው። ይህስ አይሆንም ልጄ። ከዚህስ ጥሙ ይሻለኛል" አሉ።

ምላጩን እንደገና አነሳሁ። ውሃ ጠብ እያደረግኩ መገዝገዜን ቀጠልኩ። ቡሎኑ ተቆርጦ ሲወድቅ ሸክላውን በጣቴ ዙሪያውን ዳሰስኩት፤ አልተሰነጠቀም። አዲሱን ቡሎን አሰርኩ፤ ከጀሪካኑ ውሃ ገንዳው ውስጥ ገልብጬ ከሥሩ ሶፍት አነጠፍኩ። ሶፍቱ ደረቅ ነበር።

ጆግና ብርጭቆ ይዤ መጣሁ። አልተቀበሉኝም። ገንዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ "እስቲ ግቢውን ዞር ዞር በይ" አሉኝ።

ወጥቼ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። የክራንቹን ኳኳታ ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም የለም። ወድቀው ይሆን? ወይስ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ይሆን? መግባትም አለመግባትም አልቻልኩም። እንዲህ ስብከነከን የገንዳው ውሃ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ተሰማኝ።

"ማነሽ!" አሉ ከውስጥ። "ውሃውን አምጪው። በጆጉ አምጪው!"

ሮጬ ገባሁ። ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጆጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ፤ ውሃው በጢማቸው እየወረደ ደረታቸውን አራሰው። እንዳይወድቁ ጀርባቸውን ደግፌያቸው ነበር፤ በዋጡ ቁጥር እጄ ላይ ይሰማኛል።