እትዬ ስንዱና የናይለን ቀሚስ

የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከልጄ ክፍል ሲመጣ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሮጬ ስገባ የስልኳ ቻርጀር ገመድ ተያይዞ እሳቱ ወደ መጋረጃው ወጥቶ ነበር። መጋረጃው እየተኮማተረ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከጫፉ እየነደደ ይንጠባጠባል። ልጄ ሜሮን አሟት እዚያው ሥር ተኝታለች። የለበሰችው የሚያንሸራትት የናይለን ቢጃማ ነው። ያኔ እትዬ ስንዱ ትዝ አሉኝ።

ገርጂ ባደግኩበት ግቢ የተከራዩ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ። የጠመኔ ብናኝ ከሹራባቸው አይጠፋም። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እሳቸውን የማውቃቸው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ችቦ ሊለኮስ ሲል በር ላይ ቆመው የእያንዳንዳችንን ቀሚስ ጫፍ በጣታቸው ያሹታል። ናይለን ከሆነ፣ «ሂጂ፣ የጥጥ ልብስሽን ለብሰሽ ነይ» ይላሉ።

እናቴ አንዴ ተቀየመች። «አዲስ ልብስ ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው እትዬ? ለፋሲካ ላስቀምጥላት?»

«አስቀምጪላት። ለፋሲካ ያድርሳት።»

እኔ ሳለቅስ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡኝና ከኪሳቸው ረጅም ክር አውጥተው እጄ ላይ ጣሉት። ተጠቅልሎ እፍኜን ሞላው።

«ናይለን ማለት እንዲህ ያለ ክር ነው፤ ግን በዓይን አይታይም። ሲተዉት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መሀሉ ባዶ ነው፤ ባዶውን ደግሞ ሌላው ክር ገብቶ ይሞላዋል።» ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ወጠሩት። «ለልብስ ሲሆን እንዲህ ስበው ያስቀሩታል። እሳት ሲነካው ወደ ጥቅልሉ ይመለሳል። ገላ ላይ ካገኘውም ገላውን ይዞ ነው የሚሰበሰበው።» ክሩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ኋላ እናቴ ነገረችኝ። የችቦ ዕለት አንዲት ልጃቸውን አጥተዋል። እሳት የያዘውን የናይለን ቀሚስ የሰፉላት ራሳቸው ነበሩ።

«አውልቂው!» አልኳት ሜሮንን፣ ቢጃማውን እየጎተትኩ።

«እማ፣ ራቁቴን?»

«ራቁትሽን።»

በጥጥ ጋቢ ጠቅልዬ ደረጃውን ይዣት ወረድኩ። ጎረቤቶች ቆጣሪውን አጥፍተው አሸዋ ይዘው ወጡ።

እትዬ ስንዱ ከሞቱ ቆይተዋል። ለቅሷቸው ላይ «ወይኔ፣ ዘር ሳይተኩ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የዚያ ግቢ ሴቶች ልጆች ሁላችንም እዚያው ቆመን ነበር፤ ሁላችንም ወልደናል።

አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጠን የልጄን ክንድ፣ ጀርባዋን፣ እግሯን ዳሰስኩ። አንድም ቦታ አልተነካችም። ለአባቷ ደወልኩ።

«ወጥተናል» አልኩት። «ደህና ነን።»